ምዕራፍ ስድስት፦ በብር ላይ የቆመ ዋስ

ካለፉት ምዕራፎች የተላለፈ ጥያቄ

በሁለተኛው ምዕራፍ የአክሱምን ገንዘብ ስንመረምር፥ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዓመት የክርስትናን ሃይማኖት ከተቀበለ በኋላ፥ ከእርሱ በፊት የነገሡት በገንዘባቸው ላይ ያስቀርጹት የነበረውን የጨረቃና የክበብ ምልክት አንሥቶ በምትኩ መስቀል እንዳስቀረጸ፥ በዚህም ሥራው መስቀልን በገንዘብ ላይ ካሳዩት የዓለም ነገሥታት ከቀዳሚዎቹ መካከል እንደሚቈጠር አይተናል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመንግሥቱን ገንዘብ ሲያድስ፥ ከአንድ ሊብራ ብር 240 ደኒዬ እንዲወጣ፥ 12 ደኒዬ አንድ ሱ፥ 20 ሱ አንድ ሊብራ ተብሎ እንዲቈጠር የቆመው ሥርዐት ምዕራብ አውሮፓን ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ገዛ ተመልክተናል። በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ፥ እንዳለፉት ምዕራፎች፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሁለቱን ምዕራፎች ጎን ለጎን አድርጎ ለተመለከተ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል። ከሻርለማኝ ዘመን አንሥቶ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ድረስ በእንግሊዝም ሆነ በፈረንሳይ፥ በጀርመንም ሆነ በኢጣልያ የተሠራውን ብር ብናገላብጥ፥ ነገሥታቱ ተለዋውጠው፥ ልሳናቱ ተለያይተው፥ ጦርነት ድንበሩን አፋልሶት እንኳ፥ መስቀል ወይም ቅዱስ ወይም የእግዚአብሔር ስም ያልተቀረጸበትን ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ምክንያቱ ምንድር ነው? ሕዝቡ ክርስቲያን ስለ ነበረ ነው የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም አይበቃም፤ ያ ሕዝብ ማረሻውን ሲያስልም፥ ምንቸቱን ሲጥድም፥ በጉን ሲሸልትም ክርስቲያን ነበርና፤ ነገር ግን በማረሻና በምንቸት ሁሉ ላይ መስቀል ይቀረጽ ብሎ ዐዋጅ ያስነገረ ንጉሥ አልተሰማም። ስለዚህ ገንዘብን ከሌላው የእጅ ሥራ ለይቶ መንፈሳዊ ምስል እንዲሸከም ያደረገው ልዩ ምክንያት መኖር አለበት። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ በብሩ ላይ የተቀረጸው መስቀል፥ የተሣለውም ቅዱስ፥ የገንዘቡ ዋስ ነበር።

መዶሻና ማኅተም

ዋሱን ከማወቃችን በፊት ብሩ እንዴት ይሠራ እንደ ነበረ ማወቅ ይገባናል። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ብር በሰው እጅ፥ በመዶሻ የተመታ ነው፤ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ ለሀገራችን ብር አንጥረኛ ቢነገረው ከመሣሪያዎቹ አንዱ እንኳ እንግዳ አይሆንበትም። አስቀድሞ ብሩ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብር ብቻውን ለስላሳ ሆኖ ቶሎ ስለሚያልቅም ጥቂት መዳብ ይጨመርበታል። በእንግሊዝ አገር ጸንቶ የኖረው ልክ ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፥ የቀረው መዳብ እንዲሆን ነበር። ቅይጡ ከበረደ በኋላ ተቀጥቅጦ ስስ ሰሌዳ ይሆናል፤ ከሰሌዳውም በመቀስ ክብ ክብ ቁራጭ እየተቈረጠ በሚዛን ይመዘናል።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለቱ የብረት ማኅተሞች ይመጣሉ። የታችኛው ማኅተም ጅራቱ እንደ ችካል ሾሎ በወፍራም ግንድ ላይ የተተከለ፥ ፊቱ ወደ ላይ የሚመለከት ነው፤ የላይኛው አጭር የብረት ዘንግ ሆኖ በአንጥረኛው ግራ እጅ ይያዛል። በሁለቱም ፊት ላይ ምስሉና ፊደሉ ወደ ውስጥ ተቈፍሮና ተገልብጦ ስለሚቀረጽ፥ ቁራጩ ብር በመካከላቸው ተቀምጦ መዶሻው ሲያርፍበት፥ ምስሉ ቀንቶና ወደ ውጭ ጐልቶ ይወጣል። አንድ ወይም ሁለት ምት ብቻ ይበቃል። የላይኛው ማኅተም የመዶሻውን ምት ራሱ ላይ ስለሚቀበል ከታችኛው ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በብዙ አገር፥ ይልቁንም በእንግሊዝ፥ ብዙ ድካም የሚጠይቀው የንጉሡ መልክ በታችኛው ላይ፥ በቀጥታ መስመር በቶሎ የሚሠራው መስቀል በላይኛው ላይ ይቀረጽ ነበር። ፊደሉም ቢሆን በጥቂት የብረት መምቻዎች፥ ማለት በአንድ አጭር መስመር፥ በአንድ ግማሽ ጨረቃና በአንድ ሽብልቅ፥ እየተጋጠመ የሚሠራ ነበር።

በዚህ ዓይነት ተመትቶ የሚወጣው የእንግሊዝ ፔኒ ክብደቱ ወደ 1 ግራም ተኩል የሚጠጋ፥ ስፋቱም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጥ ነው። ምቱ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ እንደ ሆነ ከጽሑፉ ግማሹ ከብሩ ውጭ ይቀራል፤ ጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ሁለት ፔኒዎች ፈጽመው አይመሳሰሉም። ይህን ልብ እንበለው፤ እያንዳንዱ ብር ከሌላው የተለየ በሆነበት ዘመን፥ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በመልኩ ብቻ መለየት ቀላል አልነበረም።

ብሩ ራሱ የማይናገረው

በገበያ ላይ አንድ ፔኒ የሚቀበል ገበሬ ሊያውቃቸው የሚገቡት ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የብሩ ጥራት፥ የክብደቱ ልክና የሠሪው ማንነት። ክብደቱን በሚዛን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ ጥራቱን ግን በመፈተኛ ድንጋይና በእሳት ካልሆነ በቀር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እህሉን አራግፎ ወደ ቤቱ ለመመለስ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ለዚህ ጊዜም ዕቃም የለውም። ንጉሡን በዐይኑ አይቶት አያውቅም፤ በብሩ ዙሪያ የተጻፈውን የላቲን ጽሑፍም ማንበብ አይችልም።

በእኛ አገር አንድ የማይታወቅ ሰው ገንዘብ ልበደር ብሎ ሲመጣ አበዳሪው አስቀድሞ የሚጠይቀው ነገር የታወቀ ነው፤ ዋስህ ማን ነው ይለዋል። ተበዳሪው እንግዳ ቢሆን አያስጨንቅም፤ ዋሱ በአገሩ የታወቀ፥ ቃሉ የተከበረ፥ የሚያፍርለት ስም ያለው ሰው ከሆነ አበዳሪው ዐይኑን በተበዳሪው ላይ ሳይሆን በዋሱ ላይ ጥሎ ገንዘቡን ይሰጣል፤ ተበዳሪው የከዳ ዕለትም ነገሩ የሁለቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዋሱን የማዋረድ በደል ይሆናል። የመካከለኛው ዘመን ብርም እንዲሁ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ፥ ሠሪው የማይታወቅ፥ ውስጡ የማይታይ እንግዳ ስለሆነ ዋስ ይዞ መቅረብ ነበረበት፤ ለዋስትና የቀረበውም ማንበብ የማይችለው ገበሬ ሳይቀር ገና ከሩቅ የሚያውቀው መስቀል ነው። በዚያን ዘመን ሰው በፍርድ አደባባይ የሚምለው እጁን በወንጌል ወይም በቅዱሳን ዐፅም ላይ ጭኖ እንደ ነበረ ስናስታውስ፥ መስቀል የተመታበት ብር ማለት እንደ ማለ ሰው የሚቈጠር ብር ማለት መሆኑ ይገባናል። የሻርለማኝ ልጅ ሉዊ ከ822 ገደማ ጀምሮ ያሠራው ደኒዬ በአንድ ፊቱ መስቀል፥ በሌላው ፊቱ የቤተ መቅደስ ሥዕል ነበረበት፤ በቤተ መቅደሱ ዙሪያም ብሩ የተመታበት ከተማ ስም ቀርቶ የክርስትና ሃይማኖት ስም ተጽፎበት በግዛቱ ሁሉ ተዘርቶ ነበር። ሕዝቡ ብዙ ቋንቋ በሚናገርበት በዚያ ሰፊ ግዛት፥ ከየትኛውም ከተማ ስም ይልቅ ሁሉ የሚያምነው ዋስ ይህ ነበርና።

የእንግሊዝ ፔኒ ከዚህ አልፎ ሁለት ዋሶችን ያቆማል። በጀርባው መካከል መስቀሉ አለ፤ በመስቀሉ ዙሪያ ደግሞ ብሩን የመታው አንጥረኛ ስምና የከተማው ስም ተጽፎ ይገኛል። አንዱ የሰማይ ዋስ ነው፤ ሁለተኛው ቢያጠፋ ተይዞ የሚቀጣ የምድር ዋስ ነው። ይህ የምድር ዋስትና ከንቱ ቃል አለመሆኑ በ1124 ታወቀ። የፔኒው ጥራት ረክሶ በገበያ የሚቀበለው በጠፋ ጊዜ፥ ንጉሥ ሄንሪ 1ኛ በእንግሊዝ ያሉ የገንዘብ አንጥረኞች በዊንቸስተር ከተማ እንዲሰበሰቡ አዘዘ፤ በገና ሰሞንም እያንዳንዳቸው ቀኝ እጃቸው እንደ ተቈረጠና እንደ ተሰለቡ የአገሩ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። የቅጣቱ ጭካኔ የሚያሳዝን ነው፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ ሰዎች የረከሰ ብር መምታትን ከስርቆት ይልቅ ወደ ሐሰት ምስክርነት አስጠግተው ያዩት እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

እስከ ጠርዝ የተዘረጋው መስቀል

የመስቀሉ ዋስትና በመንፈስ ብቻ አልተወሰነም፤ በሥጋዊውም ነገር ያገለግል ነበር። በእንግሊዝ እስከ 13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ከፔኒ የሚያንስ ገንዘብ እንደ ልብ ስለማይገኝ፥ ትንሽ ነገር መግዛት የፈለገ ሰው ፔኒውን በመቀስ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍለዋል፤ የሚቈርጠውም የመስቀሉን ክንዶች መስመር ተከትሎ ነው። ስለዚህ መስቀሉ ግማሹ በትክክል ግማሽ፥ ሩቡም በትክክል ሩብ ለመሆኑ መለኪያ ሆኖ ኖረ። በንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ዘመን፥ ከ1279 ጀምሮ፥ ግማሹና ሩቡ ራሳቸውን ችለው ክብ ገንዘብ ሆነው ሲመቱ ግን ይህ ልማድ ቀረ።

ከዚህ የሚበልጥ ችግር ያመጣ የነበረው ጠርዝ መከርከም ነው። ተንኰለኛ ሰው በእጁ ያለፈውን እያንዳንዱን ፔኒ ጠርዙን በጥቂቱ እየከረከመ፥ ፔኒውን በሙሉ ዋጋው ያወጣዋል፤ የከረከመውንም ያጠራቅምና ያቀልጠዋል። ጽሑፉና ምስሉ በብሩ መካከል እስካለ ድረስ የተከረከመውን ካልተከረከመው መለየት ያስቸግር ነበር። የንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ሹማምንት በ1247 ፔኒውን እንደ ገና ሲያስመቱ ያገኙት መድኃኒት፥ ከዚያ በፊት በውስጠኛው ክበብ ተወስኖ የነበረውን አጭር መስቀል አራቱን ክንዶቹን እስከ ብሩ ጠርዝ ድረስ መዘርጋት ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የመስቀሉ ጫፍ የጐደለበት ብር የተሰረቀ ብር ለመሆኑ ማንም ሰው፥ ፊደል የቈጠረም ያልቈጠረም፥ በአንድ እይታ ያውቀው ጀመር። ይህን ፔኒ ቀረብ አድርጎ የተመለከተ ሰው አራቱ ረጃጅም ክንዶች የአንጥረኛውንና የከተማውን ስም አራት ቦታ ሲከፍሉት፥ በየማዕዘኑም ሦስት ሦስት ነጠብጣብ ተቀምጦ ያገኛል፤ በብሩ ላይ ከመስቀሉ ክንድ የራቀና ጥበቃ ያጣ ቦታ የለም ለማለት ይቻላል።

በየከተማው የቆሙት ቅዱሳን

መስቀል የሁሉ ዋስ ሲሆን፥ እያንዳንዱ አገር ደግሞ የራሱን ቅዱስ ጨምሮ ያቆም ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው የቅዱስ ኤድመንድ ፔኒ ነው። ኤድመንድ የምሥራቅ እንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን፥ በ869 ገና ያልተጠመቁት ቫይኪንግ የሚባሉት የሰሜን ባሕረኞች ገደሉት። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፥ እነዚያው ባሕረኞች በሚገዙት በዚያው አገር በሰማዕቱ ስም ብር ይመታ ጀመር፤ በአንዳንዶቹም ላይ ጽሑፉ ቅዱስ ኤድመንድ ንጉሥ ሆይ ብሎ እንደ ጸሎት የሚጠራ ነው። ገዳዮቹ የገደሉትን ሰው ዋስ አድርገው ማቅረባቸው የሚያስገርም ቢመስልም፥ ነገሩን በዋስትና ዐይን ስናየው ግልጽ ይሆናል፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የአዲስ ገዥ ስም በገበያ ላይ ምንም አይመዝንም፤ የሰማዕቱ ስም ግን ሕዝቡ የሚሳለው ስም ነበር።

በጀርመን አገር በ12ኛው መቶ ዓመት የሚመታው ብር እንደ ቅጠል የሳሳ፥ ለስላሳ ነገር ተነጥፎበት በአንድ ማኅተም ብቻ የሚመታ ስለ ነበር ምስሉ በአንድ ፊቱ ጐልቶ በሌላው ፊቱ ጐድጕዶ ይታያል። የሐልበርሽታት ጳጳስ ያስመታው እንዲህ ያለ ብር የካቴድራሉ ጠባቂ የሆነውን ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስን፥ ወጋሪዎቹ ድንጋይ ሲያወርዱበት ያሳያል፤ ድንጋዮቹም እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቁ ነጠብጣቦች ሆነው በራሱ ዙሪያ ይታያሉ።

ቬኒስ ደግሞ በ1200 አካባቢ፥ በመስፍኗ በኤንሪኮ ዳንዶሎ ዘመን፥ ግሮሶ የተባለውን ከፍ ያለ ብር አስመታች። ክብደቱ ከ2 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ብሩ እጅግ የጠራ ነው። በአንድ ፊቱ ወንጌላዊው ማርቆስ ለመስፍኑ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰጥ፥ ሁለቱም አንዱን ዘንግ ይዘው ቆመው ይታያሉ፤ በሌላው ፊቱ ጌታችን በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ቬኒስ የዚህን ብር ጥራትና ክብደት ከመቶ ዓመት በላይ ሳታጓድል ስለ ጠበቀች፥ ግሮሶው በምሥራቅ ባሕር ወደቦች ሁሉ የታመነ ሆነ፤ የታመነ ስለሆነም የሰርብያ ነገሥታት አስመስለው አስመቱት። ታላቁ የኢጣልያ ባለቅኔ ዳንቴ በመለኰታዊ ኮሜድያው ክፉ ነገሥታትን ሲወቅስ፥ የቬኒስን ማኅተም ያበላሸውን የሰርብያ ንጉሥ አብሮ መቍጠሩ የሐሰት ዋስ ማቅረብ በዚያ ዘመን ምን ያህል እንደ ተጠላ ያሳያል።

ምእመናንም በበኩላቸው ይህን ኃይል በቤታቸው ይጠቀሙበት ነበር። በእንግሊዝ አንድ ሰው በጠና በታመመ ጊዜ ዘመዱ ለአንድ ቅዱስ ተስሎ በበሽተኛው ላይ ፔኒ ያጐብጣል፤ የጐበጠው ፔኒ ከዚያ ወዲያ ለገበያ አይወጣም፤ የቅዱሱ ስለ ሆነ ወደ መቃብሩ ተወስዶ ይሰጣል።

በጉና ርግቡ

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዋስትናው ወደ ልመና የተለወጠበት አንድ ብር አለ። በ1009 ቫይኪንጎች እንደ ገና በብዙ መርከብ እንግሊዝን በወረሩ ጊዜ፥ ንጉሥ ኤተልሬድና ጳጳሳቱ ለሕዝቡ ሁሉ ምሕላ ዐወጁ፤ ከቅዱስ ሚካኤል በዓል አስቀድሞ ባሉት ሦስት ቀናት ሕዝቡ በዳቦ፥ በቅጠላ ቅጠልና በውኃ ብቻ እየጾመ፥ በባዶ እግሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ እንዲናዘዝ፥ ምጽዋትም እንዲሰጥ ታዘዘ። ሊቃውንት እንደሚያምኑት በዚያው ሰሞን ከተለመደው የተለየ ፔኒ ተመታ። የንጉሡ መልክ ከፊቱ ተነሣ፤ በንጉሡ ቦታ በግዐ እግዚአብሔር ቆመ፤ መስቀሉም ከጀርባው ተነሥቶ ክንፉን የዘረጋ የመንፈስ ቅዱስ ርግብ ገባበት። ንጉሡ ፊቱን ከገንዘቡ ላይ ማንሣቱ፥ እኔ ዋስ ልሆናችሁ አልቻልሁምና ዋሳችሁ እርሱ ይሁን እንደ ማለት ነበር።

ይህ ብር የተመታው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ እስከ ዛሬ የተገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከተገኙትም ብዙዎቹ የተገኙት በወራሪዎቹ አገር፥ በስካንዲናቭያና በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ነው፤ አንዳንዶቹ ተበስተው ወይም ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸው የአንገት ጌጥ ሆነዋል። ወራሪው በ1012 48,000 ሊብራ ብር ግብር እንደ ተቀበለ ዜና መዋዕሉ ይናገራል፤ ይህ በፔኒ ሲቈጠር ከ11 ሚሊዮን ይበልጣል። ምሕላው አገሩን ከወረራ አላዳነም፤ ነገር ግን በጉን በደረቱ ላይ ያንጠለጠለው ሰሜናዊ፥ ከሌላው ፔኒ ሁሉ ይህን ለይቶ ያስቀረው ምስሉን አክብሮ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

ዋሱ በተከዳ ጊዜ

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደርሰናል። ዋሱ በብሩ ላይ ቆሞ ሳለ ባለቤቱ ብሩን ቢያረክሰውስ? በፈረንሳይ የሆነው ይህ ነው። ቅዱስ የተባለው ንጉሥ ሉዊ 9ኛ በ1266 ግሮ ቱርኗ የተባለውን መልካም ብር አስመታ፤ ክብደቱ ከ4 ግራም ይበልጣል፤ በመካከሉ መስቀል፥ በዙሪያው የጌታን ስም የሚባርክ ጽሑፍ፥ በሌላው ፊቱ ግንብና በግንቡ ዙሪያ 12 የአበባ ምልክቶች ነበሩበት፤ ዋጋውም 12 ደኒዬ ነበር። የልጅ ልጁ ፊሊፕ 4ኛ ግን ከ1295 ጀምሮ ለጦርነት ወጪ ሲል የመንግሥቱን ገንዘብ ያረክሰው ጀመር። መስቀሉ በደኒዬው ላይ እንደ ቆመ፥ የብሩ ልክ ግን እየቀነሰ መዳቡ እየበዛ ሄደ። በ1306 ንጉሡ ወደ መልካሙ ገንዘብ ልመለስ ባለ ጊዜም፥ ባለቤቶች የቤት ኪራያቸውን በመልካሙ ብር ስለ ጠየቁ የፓሪስ ሕዝብ ተነሣበት።

ከዚህ በኋላ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ ገንዘቡ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ወራት፥ ኒኮል ኦሬም የተባለ ሊቅ፥ ኋላ የሊዝዩ ጳጳስ የሆነው፥ ስለ ገንዘብ አንድ ድርሳን ጻፈ። በድርሳኑ ገንዘብ የንጉሡ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ ሁሉ ሀብት መሆኑን ያስረዳል፤ በብሩ ላይ ስላለው ምስል ሲናገርም የዚህን ምዕራፍ ሐሳብ ከእኛ ቀድሞ ያስተማረው እርሱ ነው። የእግዚአብሔር ስም፥ የቅዱሳን ስምና የመስቀል ምልክት ከጥንት ጀምሮ በገንዘብ ላይ የተቀረጸው ለብሩ ጥራትና ለክብደቱ እውነተኛነት ምስክር እንዲሆን ነው ይላል፤ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ሳይለውጥ ብሩን የሚለውጥ መስፍን ቃል ሳይናገር የሚዋሽ፥ በሐሰት የሚምል፥ የሐሰት ምስክር የሚሆን ነው፤ የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ የሚለውንም ትእዛዝ ያፈርሳል ብሎ ይፈርዳል።

የኦሬም ፍርድ ክብደት የሚታየን፥ በማን ላይ እንደ ተፈረደ ስናስብ ነው። አንጥረኛ ሲያጠፋ ንጉሡ እጁን ይቈርጠዋል፤ ንጉሡ ራሱ ሲያጠፋ ግን በምድር ላይ የሚከሰው ዳኛ አልነበረም። በብሩ ላይ ምንም ምስል ባይኖር ኖሮ፥ ንጉሡ የሠራው ነገር የንብረቱ አስተዳደር ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። መስቀሉ በላዩ ስላለ ግን በደሉ ስም አገኘ፤ ስሙም በሐሰት መማል ነው። ምስሉ ብሩን አላጠራውም፤ ማንም ምስል መዳብን ብር አያደርግምና፤ ነገር ግን ያረከሰውን ሰው፥ ዘውድ የጫነ ቢሆን እንኳ፥ የሚከስበትን ቃል ለሕዝቡ ሰጠ።

ከመዶሻው በኋላ

ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መኪና በየአገሩ የመዶሻን ቦታ እየወሰደ መጣ፤ እንግሊዝም በመዶሻ መምታትን በ1662 ፈጽማ ተወች። በመኪና የተመታው ብር ፍጹም ክብና እርስ በርሱ የሚመሳሰል ስለሆነ፥ በጠርዙም ላይ ጽሑፍ ወይም ጌጥ ለማተም ስለሚቻል፥ በ1247 የመስቀሉ ክንዶች ይጠብቁት የነበረውን ጠርዝ የሚጠብቅ ሌላ ዘበኛ ተገኘ። የሀገራችን ሰው ጠገራ ብር እያለ ለረዥም ዘመን የተገበያየበት የማርያ ቴሬዛ ብር በጠርዙ ዙሪያ ፍትሕና ርኅራኄ የሚል የላቲን ቃል የተጻፈበት በዚህ ምክንያት ነው፤ አባቶቻችንም የንግሥቲቱን የጌጥ ዕንቍዎች በዐይናቸው እየለዩ፥ የደበዘዘውን አንቀበልም ማለታቸው ያንኑ የጥንቱን ጥያቄ መጠየቃቸው ነበር።

ስለዚህ የመካከለኛው ዘመን ብር የሚያስተምረን ነገር ይህ ነው፤ ገንዘብ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ሰው የሚቀበለው ማዕድኑን ብቻ ሳይሆን ስለ ማዕድኑ የተሰጠውን ቃል ነው፤ ቃሉም እንዲታመን ሕዝቡ ሁሉ የሚያከብረው ዋስ ያስፈልገዋል። ቬኒስና ፈረንሳይ ያቆሙት ዋስ አንድ ነበር፤ አንዷ ስለ ጠበቀችው ብሯ በባሕር ማዶ ታመነ፤ ሁለተኛዋ ስለ ከዳችው ብሯ በገዛ ከተማዋ ተጠላ። በሚቀጥለው ምዕራፍ የኢጣልያ ነጋዴዎች ብሩን ራሱን ወደ ጎን ትተው በወረቀትና በፊርማ መገበያየት ሲጀምሩ፥ ይህ ዋስትና ከቅዱሱ ምስል ወደ ነጋዴው ስም እንዴት እንደ ተላለፈ እንመረምራለን።